ሳይነሳችሁን በጣታችሁ ፈልጉ፦ የት እንዳለ፣ ምን እንደሚሠራ፣ እንዴት እንደሚጠበቅ

አዳማ ላይ ክረምቱ ወጥቶ ነፋሱ ሲነሳ ብዙ ሰው አፍንጫውን ይዞ ነው የሚሄደው። ከተማዋ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ናት። በጋው ደረቅ ነው። ኮረብታው ላይ ያሉትን የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች የሚያሽከረክረው ነፋስ እታች ሠፈር ውስጥ አቧራውን ያነሳል። ከዚያ ግንባር ይከብዳል፣ ጉንጭ ይወጠራል፣ ድምፅ ይታፈናል። "ሳይነሴ ተነሳ" ይባላል። ቀጥሎ ፋርማሲ፣ የአፍንጫ ጠብታ፣ አሞክሳሲሊን።

እኔ የምመክረው ሌላ ቅደም ተከተል ነው። መጀመሪያ ሳይነስ፣ ማለትም በፊት አጥንቶች ውስጥ ያለው አየር የያዘ ክፍት ቦታ፣ የት እንዳለና ምን እንደሚሠራ እወቁ። ከዚያ መታጠቡን ተማሩ። መድኃኒት የሚመጣው በመጨረሻ ነው፣ እሱም ለሁሉም ሰው አይደለም።

አንድ ነገር ከያዛችሁ ሌላው ሁሉ ይገባችኋል። ሳይነስ ውስጥ ሁልጊዜ ፈሳሽ ይመረታል። ፈሳሹ መውጫ እስካገኘ ድረስ ሳይነሱ ጤነኛ ነው። መውጫው ሲዘጋ ይታመማል። ስለዚህ የምታደርጉት ነገር ሁሉ በአንድ ጥያቄ ይመዘን፦ መውጫውን ይከፍታል ወይስ ይዘጋል?

1. ጣታችሁን ፊታችሁ ላይ አድርጉ

መስታወት ፊት ቁሙ። ሁለቱን አውራ ጣቶች ከዓይናችሁ በታች፣ ከአፍንጫችሁ ግራና ቀኝ ጉንጭ አጥንት ላይ አሳርፉ። ከዚያ አጥንት ኋላ ማክሲለሪ የሚባሉት ሳይነሶች አሉ። ከሁሉም ትልቆቹ እነዚህ ናቸው። በአዋቂ ሰው እያንዳንዳቸው 15 ሚሊ ሊትር ገደማ አየር ይይዛሉ።

አሁን ጣታችሁን ወደ ላይ ውሰዱ። ቅንድብ ወደ አፍንጫ በሚጠጋበት ቦታ፣ ከአጥንቱ ጠርዝ ሥር ቀስ ብላችሁ ወደ ላይ ግፉ። ከዚያ በላይ ፍሮንታል አለ፤ የግንባሩ ሳይነስ ማለት ነው። አንዳንድ ሰው ይህ ሳይነስ በአንድ ወገን ብቻ ይኖረዋል፣ አንዳንዱ ጭራሽ የለውም። በሽታ አይደለም፣ አፈጣጠር ነው።

ሦስተኛዎቹ በዓይንና በአፍንጫ መካከል ናቸው። መነጽር የሚያርፍበትን ቦታ በሁለት ጣት ቆንጠጥ አድርጉ። ከዚያ ኋላ ኤትሞይድ የሚባሉ ብዙ ጥቃቅን ክፍሎች ተደርድረዋል። ከዓይን የሚለያቸው እንደ ወረቀት የሳሳ አጥንት ነው። ይህን አስታውሱት፣ መጨረሻ ላይ ያስፈልገናል። አራተኛው ስፌኖይድ ነው። ከአፍንጫ ኋላ፣ የራስ ቅል መሐል አካባቢ ስለሚገኝ በጣት አይደረስበትም። ሲታመም ሕመሙ አናት ላይ ወይም ከዓይን ኋላ ይሰማል።

ጤነኛ ሰው እነዚህን ቦታዎች ሲጫን ጫና እንጂ ሕመም አይሰማውም። ደህና በሆናችሁበት ቀን ነክታችሁ ልመዱት። በታመማችሁበት ቀን ልዩነቱን የምታውቁት እንዲያ ነው።

ልጆች ያላችሁ ይህን ልብ በሉ። የጉንጩና የኤትሞይዱ ሳይነሶች ገና ስንወለድ በትንሹ አሉ። የግንባሩ ግን ከ6 እና 7 ዓመት አካባቢ ጀምሮ ነው የሚታየው፤ እስከ ጉርምስና መጨረሻ ያድጋል። የ3 ዓመት ልጅ ግንባሩን ሲያመው "ሳይነስ ነው" ማለት አያስኬድም፤ ሌላ ምክንያት ፈልጉ።

2. መውጫው የት እንዳለ እወቁ

የጉንጩ ሳይነስ መውጫ ከታች አይደለም። ከላይ፣ ጣሪያው አጠገብ ነው። እንስራ ቆሞ ሳለ ውሃው በራሱ እንደማይፈስ ሁሉ፣ እኛም ቆመን ሳለ የጉንጩ ሳይነስ በስበት ብቻ አይደርቅም።

ታዲያ እንዴት ይወጣል? የሳይነሱ ግድግዳ ሲሊያ በሚባሉ፣ በዓይን በማይታዩ ፀጉር መሰል ነገሮች ተሸፍኗል። እነዚህ በሰከንድ ከ10 እስከ 20 ጊዜ ይመታሉ። ከላያቸው ስስ የንፍጥ ሽፋን አለ። አቧራውም፣ ባክቴሪያውም፣ ጭሱም እዚያ ላይ ይጣበቃል። ሲሊያዎቹ ሽፋኑን ወደ መውጫው ይገፉታል፤ በጉንጩ ሳይነስ ውስጥ ሽቅብ ማለት ነው። ከዚያ ወደ አፍንጫ፣ ከአፍንጫ ወደ ጉሮሮ ኋላ ይሄዳል። ሳናውቀው እንውጠዋለን፣ ጨጓራ አሲድ ቀሪውን ይጨርሳል። የጤነኛ ሰው አፍንጫና ሳይነስ በቀን 1 ሊትር የሚጠጋ እንዲህ ያለ ፈሳሽ ያመርታሉ። ስለዚህ ንፍጥ ጠላት አይደለም። ጠላቱ የቆመ ንፍጥ ነው።

የጉንጩ፣ የግንባሩና የፊተኛው ኤትሞይድ መውጫዎች የሚገናኙት አፍንጫ ውስጥ ባለ አንድ ጠባብ ቦታ ነው። እዚያ ትንሽ እብጠት ከመጣ ሦስቱም አብረው ይታፈናሉ። በአንድ ጉንፋን ግንባርም ጉንጭም የሚከብደው ለዚህ ነው።

ሐኪሞች የሲሊያን ሥራ የሚለኩበት ቀላል ዘዴ አላቸው። ትንሽ ሳካሪን አፍንጫ ውስጥ ያስቀምጣሉ። ሰውየው ሳይስብና ሳይናፈጥ ይቀመጣል፣ ጣፋጩ ጉሮሮው ላይ እስኪሰማው ይጠብቃሉ። አብዛኛውን ጊዜ ከ20 ደቂቃ በታች ነው። የሚያጨስ ሰው ሲሊያው ስለሚደክም ይዘገያል።

3. አፍንጫ ምን እንደሚሠራ ሞክሩት

በቀን 10,000 ሊትር ገደማ አየር በአፍንጫችን ያልፋል። በእያንዳንዱ ወገን ግድግዳ ላይ ተርቢኔት የሚባሉ ሦስት ሦስት የተጠቀለሉ አጥንቶች አሉ፤ በደም ሥር የበለጸገ ሥጋ ለብሰዋል። አየሩን የሚያሞቁት፣ የሚያረጥቡትና የሚያጣሩት እነሱ ናቸው። ደረቁ የአዳማ አየር ሳንባ ከመድረሱ በፊት እርጥብ የሚሆነው እዚህ ነው። በአፍ ስትተነፍሱ ግን ይህ ሁሉ ይቀራል። ጠዋት ጉሮሯችሁ ደርቆ የምትነቁት አፍንጫችሁ ሌሊቱን ተዘግቶ ስላደረ ሊሆን ይችላል።

የስልካችሁን መስታወት ጠርጋችሁ ከአፍንጫችሁ ሥር በአግድም ያዙ። አንዴ በአፍንጫ ተንፍሱ። ሁለት የጉም ምልክት ታያላችሁ። አንዱ ከሌላው ሰፋ ቢል አትደንግጡ። አፍንጫ ሥራውን በፈረቃ ነው የሚሠራው። አንዱ ወገን ትንሽ ያብጥና ያርፋል፣ ሌላው ይከፈታል። ከጥቂት ሰዓት በኋላ ይቀያየራሉ። ጤነኛ ሰው "ሁልጊዜ አንዱ አፍንጫዬ ዝግ ነው" ብሎ ጠብታ የሚጀምረው ይህን ሳያውቅ ነው። የሚያሳስበው ሳይቀያየር ሁልጊዜ ያው ወገን ብቻ ሲዘጋ ነው።

4. ሳይነስ ራሱ ለምን ተፈጠረ?

ይህ ጥያቄ የቆየ ነው። ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ እ.ኤ.አ. በ1489 ገደማ የራስ ቅል ሰንጥቆ ሲስል የጉንጩን ሳይነስ አሳይቷል። እንግሊዛዊው ሐኪም ናትናኤል ሃይሞር በ1651 በዝርዝር ጻፈበት። እስካሁንም ሁሉም የተስማማበት አንድ መልስ የለም። የራስ ቅልን ያቀላል የሚሉ አሉ። ፊት ሲመታ ጫናውን ተቀብሎ አንጎልንና ዓይንን ይከላከላል የሚሉም አሉ። ድምፅን ያስተጋባል፣ አየር ያረጥባል ይባላል።

ለእኔ ከሁሉም የሚገርመው ሌላ ነው። ሳይነሶች ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚባል ጋዝ ያመርታሉ። ጋዙ ጀርሞችን ይዋጋል። በአፍንጫ ስንስበው ሳንባ ደርሶ የደም ሥሮችን ይከፍታል፣ ኦክስጅን መቀበልን ያግዛል። የስዊድን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጡት ጥናት ሰው አፉን ዘግቶ ሲያንጎራጉር በአፍንጫው የሚወጣው ናይትሪክ ኦክሳይድ ዝም ብሎ ከሚተነፍስበት ጊዜ 15 እጥፍ ሆኖ ተገኝቷል። የድምፁ ንዝረት በመውጫው በኩል አየር ያመላልሳል ማለት ነው። ራሳችሁ ሞክሩት። ጣታችሁን ጉንጫችሁና ግንባራችሁ ላይ አድርጋችሁ አንድ ዜማ አንጎራጉሩ። ንዝረቱ በጣታችሁ ይሰማችኋል። ማንጎራጎር መድኃኒት ነው አልልም፤ ግን ሳይነስ ከአፍንጫ ጋር የተገናኘ እንጂ ዝግ ጉድጓድ እንዳልሆነ ከዚህ የተሻለ ማሳያ አላውቅም።

5. ጎረቤቶቹን ተዋወቁ

እንባ። በዓይን ውስጠኛ ጥግ ትንሽ ቀዳዳ አለች። እንባ በእሷ ገብቶ አፍንጫ ውስጥ፣ ከታችኛው ተርቢኔት ሥር ይፈስሳል። ስናለቅስ አፍንጫ የሚፈሰው፣ አፍንጫ ሲዘጋ ደግሞ ዓይን የሚያነባው በዚህ ነው።

ጆሮ። ከአፍንጫ ኋላ ወደ መካከለኛው ጆሮ የሚወስድ ቱቦ አለ። ስንውጥና ስናዛጋ ተከፍቶ በጆሮ ታምቡር ውስጥና ውጭ ያለውን የአየር ግፊት ያስተካክላል። ከአዲስ አበባ በፈጣን መንገዱ ወደ አዳማ ስትወርዱ ጆሯችሁ የሚደፈነው ለምን እንደሆነ ይኸው። በአንድ ሰዓት ገደማ ከ600 ሜትር በላይ ትወርዳላችሁ፣ የውጭው ግፊት ይጨምራል። ማስቲካ ማኘክ፣ ውሃ መጎንጨት ይበቃል። ጉንፋን ከያዛችሁ ግን ቱቦውም የሳይነስ መውጫውም ስለሚያብጥ ጆሮም ግንባርም ሊያም ይችላል። ሕፃን ይዛችሁ ከሆነ ስትወርዱ ጡት ወይም ጡጦ ስጡት።

ጥርስ። የላይኛው መንጋጋ ጥርሶች ሥር የጉንጩን ሳይነስ ወለል ሊነካ ጥቂት ነው የሚቀረው። ስለዚህ ሳይነስ ሲታመም የላይ ጥርስ ይጠዘጥዛል። በተቃራኒውም ይሆናል፤ የተበላሸ ጥርስ ሳይነሱን ይበክላል። በአንድ ወገን ብቻ መጥፎ ጠረን ያለው ፈሳሽ ከመጣ ከአፍንጫ ጠብታ በፊት የጥርስ ሐኪም ጋ ሂዱ። ይህን ሳያውቅ አንቲባዮቲክ እየደጋገመ የሚከርም ሰው አለ፣ ያሳዝናል።

6. የጨው ውሃ እጥበት

ከዚህ መመሪያ አንድ ነገር ብቻ የምትወስዱ ከሆነ ይህን ውሰዱ። የቆመውን ንፍጥ ያወጣል፣ አቧራውን ያጥባል፣ ሲሊያዎቹን ያግዛል። ርካሽ ነው።

ውሃው ላይ ግን ቀልድ የለም። የቧንቧ ውሃ በቀጥታ አፍንጫ ውስጥ አይገባም። የታሸገ ውሃም ቢሆን ለዚህ ሥራ ንጹሕ ነው አይባልም። ውሃ ስንጠጣው ጨጓራ አሲድ ይጠብቀናል፤ አፍንጫ ውስጥ እንዲህ ያለ መከላከያ የለም። በሞቀ ጨዋማ ያልሆነ ውሃ ውስጥ የሚኖር፣ በአፍንጫ ገብቶ አንጎል የሚያጠቃ አሜባ አለ። በሽታው በጣም ብርቅ ነው፣ ግን ሲይዝ አብዛኛውን ጊዜ ይገድላል። ስለዚህ ውሃው ይፍላ።

ግማሽ ሊትር ውሃ በሃይላንድ ለኩ። ድስት ውስጥ ጨምሩና መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ አቆዩት። በአዳማ ከፍታ 1 ደቂቃም ይበቃል፣ ከ2,000 ሜትር በላይ ላለ ሰው ግን 3 ነው የሚመከረው፤ አንድ ልማድ መያዝ ይሻላል። ከድኑና ለብ እስኪል ጠብቁ። ትኩስ ውሃ ወደ ፕላስቲኩ አትመልሱ።

አንድ የሻይ ማንኪያ ደቃቅ ጨው ጨምሩ፤ ሳይከመር፣ አፉ ተስተካክሎ። አዮዲን የሌለው ጨው ካገኛችሁ ይመረጣል፣ አዮዲኑ አንዳንድ ሰው ያቃጥለዋል። ካቃጠላችሁ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ጨምሩበት። ሱቅ ውስጥ አጠገቡ ካለው ቤኪንግ ፓውደር ጋር እንዳታሳስቱት። ጨው የሌለው ውሃ በጣም ያማል፣ ስለዚህ ጨዉን አትርሱ። ማፍላቱ የሚሰለቻችሁ ከሆነ ፋርማሲ ሄዳችሁ 0.9 በመቶ ኖርማል ሳላይን ግዙ፤ ቁስል የሚታጠብበት፣ ለግሉኮስ መስመርም የሚውለው ያው ነው። ተዘጋጅቶ የመጣ ንጹሕ የጨው ውሃ ነው።

ማጠቢያው ለአፍንጫ ተብሎ የሚሸጥ የሚጨመቅ ጠርሙስ ቢሆን ጥሩ። ከሌለ መርፌ የሌለው 20 ሚሊ ሊትር ስሪንጅ ይሆናል። እጃችሁን ታጠቡ። ላቫንዲኖ ላይ ወደ ፊት ጎንበስ በሉ፣ ፊታችሁን ትንሽ ወደ ጎን አዙሩ። አፋችሁን ክፈቱና በአፍ ተንፍሱ። ጫፉን ከላይ በሆነው ቀዳዳ አስገቡና ቀስ ብላችሁ ግፉ። አቅጣጫው ወደ ኋላ ይሁን፣ ወደ አናት አይደለም። ውሃው በሌላው ቀዳዳ ይወጣል፣ ወይ በአፍ። ጉሮሮ ከገባ ትፉት። በጣም ከተዘጋ በግድ አትግፉ፤ ግፊቱ ጆሮ ሊደርስ ይችላል። ወገን ቀይራችሁ ድገሙ።

ሲያልቅ አንዱን ቀዳዳ ይዛችሁ በሌላው ቀስ ብላችሁ ተናፈጡ። ሁለቱን ዘግቶ በኃይል መናፈጥ ንፍጡን ወደ ሳይነስና ወደ ጆሮ ይመልሰዋል። ከዚያ ለአፍታ አጎንብሱ፣ የቀረው ይንጠባጠብ። ግማሽ ሰዓት ቆይቶ ድንገት ቢፈስባችሁ የተለመደ ነው፤ ስለዚህ ከቤት ልትወጡ ስትሉ አትታጠቡ። ዕቃውን በፈላ ውሃ አጥባችሁ አድርቁ። የተረፈውን ውሃ ለነገ አታሳድሩ።

አቧራ ላይ ለዋለ ሰው ማታ አንዴ ይበቃል። ባጃጅ ነጂዎች፣ የግንባታ ሠራተኞች፣ መንገድ ዳር የምትሸጡ፣ ይህ በተለይ ለእናንተ ነው። ጉንፋን ሲይዝ በቀን ሁለቴ ይሁን። ጆሮውን የሚያመው ወይም በቅርቡ የአፍንጫ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሰው ሐኪሙን ሳይጠይቅ አይጀምር።

ቅድም ባልነው አሜባ ምክንያት ሶደሬ ስትሄዱም ፍል ውሃው አፍንጫ ውስጥ እንዳይገባ ተጠንቀቁ። ከላይ ዘላችሁ ስትገቡ አፍንጫችሁን ያዙ።

7. እንፋሎት፣ ዳማከሴና የከሰል ጭስ

እንፋሎት ለጊዜው ያቀላል፤ መውጫውን ለዘለቄታው አይከፍትም። ለአዋቂ ክፉ አይደለም። ሕፃን ግን የፈላ ድስት ላይ አታስደፉ፣ በዚህ የሚቃጠሉ ልጆች ብዙ ናቸው። ዳማከሴ ማሽተት ደስ ይላል፣ እናቶቻችን ያሳደጉን በእሱ ነው። ጨምቆ አፍንጫ ውስጥ ማንጠባጠብን ግን ተዉት፤ ቅጠሉም እጁም ንጹሕ አይደለም፣ ስሱን ሽፋን ይለበልባል።

ቡና ሲፈላ ከሰሉንና ዕጣኑን መስኮት ወይም በር አጠገብ አድርጉ። ቡናውን ተዉ አይደለም የምለው። ጭሱ ይውጣ።

8. የፋርማሲ ጠብታና ስፕሬይ

ወዲያው የሚከፍቱት፣ ዛይሎሜታዞሊን ወይም ኦክሲሜታዞሊን ያለባቸው ጠብታዎች፣ ከ3 እስከ 5 ቀን ብቻ ናቸው። ከዚያ ካለፈ አፍንጫው ያለ እነሱ አልከፈትም ይላል፣ ከበፊቱ ብሶ ይዘጋል። ስንት ሰው ጠርሙሱን ኪሱ ይዞ ዓመት ይከርማል። ከዚህ ወጥመድ መውጣት ይቻላል፣ በሐኪም እገዛ ይቀላል።

ለአለርጂ የሚታዘዘው የስቴሮይድ ስፕሬይ ሌላ ነው። ቀስ ብሎ ነው የሚሠራው፤ ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ይፈልጋል። ጭንቅላት ትንሽ ጎንበስ ይበል። በቀኝ እጅ ግራውን፣ በግራ እጅ ቀኙን ርጩ፤ እንዲያ ሲሆን ጫፉ ከመሐሉ ግድግዳ ርቆ ወደ ጆሮ አቅጣጫ ያያል። መሐሉን ከመታ ይደማል። ቀስ ብላችሁ ሳቡ። በኃይል ከሳባችሁት ጉሮሮ ይገባና ይባክናል።

9. አንቲባዮቲክ መቼ?

አብዛኛው የሳይነስ ሕመም የሚጀምረው ከቫይረስ ነው። አንቲባዮቲክ ቫይረስ አይገድልም። ቢጫ ወይም አረንጓዴ ንፍጥ ብቻውን ባክቴሪያ ነው ማለት አይደለም፤ ቀለሙ ከራሳችን ነጭ የደም ሴሎች ይመጣል። ባክቴሪያ የሚጠረጠረው በሦስት መንገድ ነው። 10 ቀን አልፎ ምንም ካልተሻለ። ከተሻለ በኋላ እንደገና ከባሰ። ወይም ከመጀመሪያው 39 ዲግሪ የደረሰ ትኩሳት፣ መግል ከመሰለ ፈሳሽ ወይም ከፊት ሕመም ጋር ለ3 ወይም 4 ቀን ከቆየ። ያን ጊዜ ሐኪም ይያችሁ፣ የታዘዘውን ጨርሱ።

ደግሞ ይህን ልበላችሁ። ንፍጥ የለም፣ አፍንጫ አልተዘጋም፣ ግን ግማሽ ግንባር እየመታ ያማል፣ ብርሃን ይረብሻል፣ ያቅለሸልሻል? ይህ ሳይነስ ሳይሆን ማይግሬን የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። "የሳይነስ ራስ ምታት" ከሚባለው አብዛኛው ሲመረመር ማይግሬን ሆኖ ይገኛል። ሕክምናው ፈጽሞ ሌላ ነው።

10. አንገት በላይ ሐኪም ወይስ ድንገተኛ ክፍል?

ሕመሙ 12 ሳምንት ካለፈ፣ ማሽተት ከጠፋ፣ አንዱ ወገን ብቻ ከተዘጋ ወይም እየደጋገመ ከደማ፣ አንገት በላይ ስፔሻሊስት ጋ ቀጠሮ ያዙ።

ቀጠሮ የማይጠብቁም አሉ። ዓይን ዙሪያ ማበጥና መቅላት፣ ነገር ሁለት ሆኖ መታየት፣ የዓይን ብርሃን መቀነስ፣ ግንባር ላይ ለስላሳ እብጠት፣ አንገት መገተር፣ ከባድ ራስ ምታት ከትውከት ጋር፣ መቀባዠር። ቅድም ያልነው በኤትሞይድና በዓይን መካከል ያለ ስስ አጥንት እዚህ ይመጣል። በተለይ ልጆች ላይ ኢንፌክሽኑ በእሱ በኩል ወደ ዓይን ይሻገራል። ጉንፋን ይዞት የሰነበተ ልጅ አንድ ዓይኑ አብጦ ከተነሳ፣ ትኩሳት ካለው፣ ዓይን ጠብታ ገዝታችሁ እስኪነጋ አትጠብቁ። በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ውሰዱት፣ ሐኪሙንም ስንት ቀን እንደታመመና ምን መድኃኒት እንደወሰደ ንገሩት።